የፓኒክ ሕክምና፦ ስሜቱን ሆን ብሎ መቀስቀስ ለምን ያስፈልጋል?

«ከፓኒክ ልገላገል ብዬ ሄጄ፣ ጭራሽ ትንፋሽ የሚያሳጥር ነገር አሠሩኝ» የሚል ቅሬታ ሰሞኑን ደጋግሞ ይነሳል። እንዲህ ማሠራቱ ግን ስህተት አይደለም። የሕክምናው ዋና ሥራ ይኸው ነው።

ፓኒክ፣ ማለትም ድንገት የሚነሳ ከባድ ድንጋጤ፣ ሲመጣ ልብ ይመታል፣ ትንፋሽ ያጥራል፣ ራስ ያዞራል። ስሜቱ እውነት ነው። እሳቱን የሚያቀጣጥለው ግን «ልሞት ነው» የሚለው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ ፍርሃት ይጨምራል፤ ፍርሃቱ ልብን የባሰ ያስመታል። ኮግኒቲቭ ቢሄቪየራል ቴራፒ የሚባለው የንግግር ሕክምና ይህን አዙሪት ይሰብራል።

አንዲት ሴት ታክሲ ውስጥ ልቧ ሲመታ «ወራጅ አለ» ብላ ትወርዳለች እንበል። ወዲያው ይቀላታል። አእምሮዋ ግን «የተረፍሽው ስለወረድሽ ነው» ብሎ ይይዘዋል። ከዚያ ወዲያ ታክሲው ራሱ ያስፈራታል። ስለዚህ ቴራፒስቷ መጀመሪያ ደረጃ በፍጥነት ታስወጣታለች፣ ወይም በቀጭን ስትሮ ታስተነፍሳታለች። ልቧ ይመታል፤ ምንም አትሆንም። ቀጥሎ ታክሲ ውስጥ ሳትወርድ ትቆያለች። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣሪያ ነክቶ መውረድ ይጀምራል። ይህን መስማት ብቻ አይበቃም፤ በራስ ሰውነት ማየት ያስፈልጋል።

ሕክምናው በጥናት ተፈትሾ ብዙ ሰው እንደሚረዳ የታወቀ ነው። የቀጠሮው ብዛትና መድኃኒት መጨመሩ ግን ከሰው ሰው ይለያያል። የልብ፣ የአስም ወይም የሚጥል በሽታ ያለበት፣ እርጉዝም የሆነች፣ ከመልመጃው በፊት ይህን ለሐኪም መንገር አለባቸው። ደረት ላይ አዲስ ሕመም ከተሰማችሁ ደግሞ «ፓኒክ ነው» ብላችሁ አትለፉት፤ መጀመሪያ ሐኪም ቤት ሂዱ።