ጋንቾው ላይ 1500 ኪሎ ቢጻፍም

ጀልባውን በቤት መኪና ጎትቶ ጣና ዳር ለማድረስ ጋንቾ (ከመኪናው ኋላ የሚገጠም መጎተቻ) የሚያስገጥም የባሕር ዳር ሰው ብዙ ጊዜ የሚያየው ጋንቾው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ነው። ጋንቾው 1500 ኪሎ ቢልም መኪናው እንዲጎትት የተፈቀደለት 750 ከሆነ ልኩ 750 ነው፤ ምንጊዜም የሚሠራው ትንሹ ቁጥር ነው። ጀልባው የሚጫንበት ተሳቢ ራሱ፣ የጀልባው ሞተርና ቤንዚኑም ኪሎው ውስጥ ይቆጠራሉ፤ ይህን የሚረሳው ብዙ ነው።

ሌላው ተሳቢው የሚያያዝባትን የጋንቾውን ኳስ ወደ ታች የሚጫንበት ክብደት ነው። ከጠቅላላው 10 በመቶ ገደማ ቢሆን ደህና ነው። የጀልባ ሞተር ከኋላ ስለሚንጠለጠል ፊቱ ይቀልና ተሳቢው ፍጥነት ሲጨመር ግራ ቀኝ ይወዛወዛል፤ መፍትሔው ጀልባውን ተሳቢው ላይ ወደ ፊት ማስጠጋት ነው። ኳሷን የሚጫነው ክብደት ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ይጎብጣል፣ መሪውም ይቀላል።

ባምፐር ላይ የተበየደውንማ ጋንቾ አልለውም፤ ከሻንሲው ጋር በብሎን ይታሰር።