ዳንኤልና አንበሶቹ፦ የሩበንስን ሥዕል ከልጆች ጋር ማየት

የዳንኤልን ታሪክ ያልሰማ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጅ አይገኝም። ሲሰሙት ኖረው በዓይናቸው እንዲያዩት ለሚፈልግ ወላጅ፣ ከፒተር ፖል ሩበንስ «ዳንኤል በአንበሶች ጉድጓድ» የተሻለ ሥዕል መፈለግ ድካም ነው።

ሩበንስ የአንትወርፕ ሠዓሊ ነበር። ይህን ሥዕል የሠራው እ.ኤ.አ. ከ1614 እስከ 1616 ባለው ጊዜ ነው። ሸራው ግዙፍ ነው፤ ቁመቱ 2.24 ሜትር፣ ወርዱ 3.30 ሜትር ይሆናል። አንበሶቹ እውነተኛውን አንበሳ ሊያክሉ ምንም አልቀራቸውም። እንዲያው በግምት የተሣሉም አይደሉም፤ ሩበንስ ብራስልስ በነበረው የቤተ መንግሥት የአራዊት ማቆያ ሕያው አንበሶችን እያየ ነድፏል። በ1618 ሥዕሉን በጥንታዊ የእብነ በረድ ቅርጾች ለውጦ ለእንግሊዛዊው ዲፕሎማት ለዳድሊ ካርልተን ሰጠው። ዛሬ የሚገኘው ዋሽንግተን ዲሲ፣ ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ነው። መግቢያው በነፃ ስለሆነ እዚያ አካባቢ ላሉ ሐበሻ ቤተሰቦች አሪፍ የቅዳሜ መዋያ ነው።

ሥዕሉ ፊት ሲደርሱ ለመተረክ መቸኮል አያስፈልግም። ልጆቹ መጀመሪያ ይዩ። ስንት አንበሳ አለ? ጨለማው ውስጥ ያደፈጡ ስላሉ ቆጠራው ብቻውን ክርክር ያስነሳል። አፉን የከፈተው ሊናከስ ነው ወይስ እያዛጋ? አንዳንዶቹ በቀጥታ ተመልካቹ ላይ አፍጥጠዋል። መሬት ላይ የሰው ራስ ቅልና አጥንት አለ። ትንንሾቹ እሱን ቀድመው ስለሚያዩት ለመሸፋፈን መሞከር ዋጋ የለውም።

ዳንኤል እግሩን አጣምሮ፣ እጆቹን አቆላልፎ ወደ ላይ ያያል። ከጉድጓዱ አፍ ብርሃን ይገባል። ነግቷል ማለት ነው፤ ስለዚህ ጸሎቱ የምስጋና ነው።

ከዚህ በኋላ ትንቢተ ዳንኤል ምዕራፍ 6ን ማንበብ ነው። ጨዋታው የሚደምቀው ሥዕሉና ንባቡ የማይገጥሙበት ቦታ ላይ ነው። ዳንኤል ለንጉሡ «አምላኬ መልአኩን ልኮ የአንበሶችን አፍ ዘጋ» ይላል። ሩበንስ ግን አፋቸውን ከፍቶ ሥሏቸዋል። መልአኩም የለም። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ መላእክት ማየት የለመደ ልጅ «የታል?» ማለቱ አይቀርም። ሌላም አለ። ዳንኤል የተማረከው በናቡከደነፆር ዘመን ነው፤ ጉድጓድ የተጣለው በዳርዮስ። በመሐል ብዙ አሥርት ዓመታት ስላለፉ ሽማግሌ መሆን ነበረበት። ሥዕሉ ላይ ያለው ግን ጡንቻው የፈረጠመ ወጣት ነው። ሠዓሊው ለምን እንዲህ እንዳደረገ ልጆቹ ይገምቱ፤ መልሱ አንድ ብቻ አይደለም።

ቁጥር 24 ከበድ ይላል። ከሳሾቹ ከነልጆቻቸውና ከነሚስቶቻቸው ለአንበሶች ይጣላሉ። ለትንንሾቹ መዝለል ይቻላል። ከፍ ያሉት ግን አጥንቶቹን አይተው የማን እንደሆኑ ስለሚጠይቁ፣ ራሳቸው ቢያነቡትና ከትልቅ ሰው ጋር ቢነጋገሩበት ይሻላል።