ወራሪ ዓሣና የመንጠቆ አጥማጅ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ወራሪ የምንለው ከሌላ ውሃ መጥቶ በፍጥነት የሚራባ፣ ነባሩን ዓሣ የሚበላ፣ ምግቡንና መራቢያ ቦታውን የሚሻማ ወይም ከእሱ ጋር እየተዳቀለ ዘሩን የሚያጠፋ ዓሣ ነው። እንዲህ ያለው ዓሣ በገባባቸው ብዙ ወንዞች ላይ ተቆጣጣሪዎች በመንጠቆ የሚያጠምዱ ሰዎችን እርዳታ ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ከአጥማጅ በላይ ወንዙን ዘወትር የሚያይ ሰው የለም። ይሁንና በአጥማጆች ዘንድ የሚነገሩ አንዳንድ ነገሮች መልካሙን ፈቃድ ከንቱ ያስቀራሉ።

«የያዙትን ዓሣ ሁልጊዜ ወደ ውሃው መመለስ ነው ደግነት»

በጣም የሚያሳስበኝ ይህኛው ነው፤ የሚሉት ወንዛቸውን ከልብ የሚወዱ ሰዎች ናቸውና። ነባር ዓሣን በጥንቃቄ ይዞ መልቀቅ ብዙ ወንዞችን ጠቅሟል። ወራሪውን መልቀቅ ግን ጉዳቱ በነባሩ ላይ ነው።

በአሜሪካ አይዳሆ ግዛት የሚፈሰውን የስኔክ ወንዝ ደቡባዊ ቅርንጫፍ ተመልከቱ። የአካባቢው ተወላጅ የሎውስቶን ከትስሮት የሚባለው የትራውት ዓሣ ዝርያ ነው። ከውጭ የገባው ሬይንቦ ትራውት ምግቡን ይሻማዋል፣ ከእሱም ጋር ይዳቀላል። ድቅሉ በበዛ ቁጥር ንጹሑ ዘር ይመነምናል፤ አንዴ ከተቀላቀለ ደግሞ መልሶ መለየት አይቻልም። ሬይንቦውን ማስቀረት እየተፈቀደላቸው ብዙ አጥማጆች በልማድ ይለቁት ነበር። ስለዚህ የግዛቱ የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአንዳንድ ሬይንቦዎች አፍንጫ ውስጥ ለዓይን የማይታይ ትንሽ የብረት መለያ እየቀበረ ይለቅ ጀመር። አጥማጁ የዓሣውን ጭንቅላት ያስረክባል፤ በመሣሪያ ተፈትሾ መለያ ከተገኘበት ከ50 እስከ 1,000 ዶላር ይከፈለዋል። ሥጋውን ቤቱ ወስዶ ይበላዋል።

በአንዳንድ ቦታ ነገሩ ለአጥማጁ ምርጫ አይተውም። በአውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ግዛት ካርፕ የሚባለውን ወራሪ ዓሣ ከያዙ በኋላ በሕይወት ወደ ውሃ መመለስ በሕግ የተከለከለ ነው። መግደል ግን ማሠቃየት አይደለም፤ ጭንቅላቱን በአንድ ጠንካራ ምት መምታት ዳር ላይ ጥሎ አየር አጥቶ እንዲሞት ከመተው እጅግ ይሻላል።

«ሁላችንም ብንረባረብ ወንዙ ይጸዳል»

ብዙ ጊዜ አይጸዳም። አንዲት ትልቅ እንስት ካርፕ በዓመት ከ1 ሚሊዮን በላይ እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ትልልቆቹ ሲቀነሱም ለትንንሾቹ ምግብና ቦታ ይተርፋል። በኒውዮርክ ግዛት ሊትል ሙስ በተባለ ሐይቅ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ2000 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ስሞልማውዝ ባስ የሚባለውን ወራሪ ዓሣ በየዓመቱ በብዛት ሲያስወግዱ፣ የጫጩቶቹ ቁጥር ጨመረ።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? ማጥፋት ባይቻል መቀነስ ይቻላል። በሰሜን ምዕራብ አሜሪካ በሚፈሰው የኮሎምቢያ ወንዝ ፓይክሚኖ የተባለ ዓሣ ወደ ባሕር የሚወርዱ የሳልሞን ጫጩቶችን ይበላል። ፓይክሚኖ የወንዙ ነባር ስለሆነ ወራሪ አይባልም፤ በወንዙ ላይ የተሠሩት ግድቦች ግን አደኑን አቀለሉለት። ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 23 ሴንቲሜትርና ከዚያ በላይ የሆነውን ለሚያስረክብ አጥማጅ ክፍያ አለ። ግቡ በየዓመቱ ከትልልቆቹ ከ10 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑትን ማንሣት ብቻ ነው፤ ጫጩቶቹን በብዛት የሚበሉት ትልልቆቹ ናቸውና። የሚበሉት ሳልሞን እስከ 40 በመቶ እንደቀነሰ አስተዳዳሪዎቹ ይገምታሉ። ሥራው ግን በየዓመቱ መቀጠል አለበት፤ ከተቋረጠ ቁጥሩ ተመልሶ ይሞላል።

«ገንዘብ ከተከፈለ ነገሩ አለቀ»

ዓሣው ራሱ ገቢ ሲሆን፣ እንዲያልቅ የማይፈልግ ሰው ይመጣል። ከሌላ ውሃ የተያዘውን የሚያስረክብ፣ ይባስ ብሎም ወደ አዲስ ወንዝ ወስዶ የሚለቅ ይኖራል። ክፍያው ከየት እንደተያዘ ከማጣራትና ከጥብቅ ክትትል ጋር ካልሆነ ባይጀመር ይሻላል።

«በመንጠቆ የማይያዝ የለም»

አለ። በሚሲሲፒ ወንዝ የተስፋፉት ሲልቨር ካርፕና ቢግሄድ ካርፕ ውሃ እያጣሩ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ነፍሳትን ስለሚመገቡ መንጠቆ ላይ ለተሰካ ትል ደንታ የላቸውም። እነሱን በብዛት የሚያወጣቸው የመረብ አጥማጅ ነው።

«እንግዳ የመሰለኝን ሁሉ ልግደል»

እባካችሁ፣ አታድርጉት። በአሜሪካ ፖቶማክ ወንዝ በ2004 እ.ኤ.አ. የተገኘው ወራሪው ስኔክሄድ የአሜሪካ ነባር ዓሣ ከሆነው ቦውፊን ጋር በጣም ይመሳሰላል። ከሆድ ሥር ወደ ጅራት ያለው ክንፍ በስኔክሄድ ረጅም፣ በቦውፊን አጭር ነው። ከትስሮትም ከመንጋጋው ሥር ባለው ቀይ ወይም ብርቱካናማ ሰረዝ ይታወቃል። የምታጠምዱበትን ወንዝ ነባር ዓሦች አስቀድማችሁ አጥኑ። የማታውቁት ዓሣ ከገጠማችሁ ፎቶ አንሡ፣ ቦታውንና ቀኑን መዝግቡ፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አሳውቁ። ገና ጥቂት ሳሉ የተገኙ ወራሪዎችን ማስወገድ የሚቻልበት ዕድል ሰፊ ነው፤ ለዚህ ደግሞ የአንድ አጥማጅ ፎቶ ከመቶ መንጠቆ በላይ ሊጠቅም ይችላል።

«ወራሪውን ያመጣው ሌላ ነው፣ እኛ አጥማጆች ምን አገባን?»

ከወራሪዎቹ አንዳንዶቹን ያዛመተው አጥማጅ ራሱ ነው። በአሜሪካ የሎውስቶን ሐይቅ በ1994 እ.ኤ.አ. የተገኘውን ሌክ ትራውት የተባለ ወራሪ ዓሣ ሰው በሕገወጥ መንገድ እንዳስገባው ይታመናል። ሌላው መንገድ ባልዲው ነው፦ ለመንጠቆ ምግብነት ከሌላ ቦታ የመጡ ሕያው ትንንሽ ዓሦች ሲተርፉ ወንዝ ውስጥ ይደፋሉ። ስለዚህ የተረፈውን ከነውሃው ከወንዙ ርቃችሁ ደረቅ መሬት ላይ ድፉ። ሕያው ዓሣ ከወንዝ ወደ ወንዝ አታጓጉዙ፤ ስኔክሄድ እርጥበት ካገኘ ከውሃ ውጭም ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ጀልባችሁን፣ ቦት ጫማችሁንና መረባችሁን ወደ ሌላ ውሃ ከመሄዳችሁ በፊት እጠቡ፣ አድርቁ።