ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን፦ የበረራው ርቀትና ጊዜ

ከቦሌ ተነስቶ ዋሽንግተንን እስከሚያገለግለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ በአጭሩ መስመር 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ መስመር በካርታ ላይ በሱዳን፣ በሊቢያና በአልጄሪያ ሰማይ አልፎ ሜዲትራንያንን ይሻገርና በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ አሜሪካ መብረር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1998 ነው።

ርቀቱ ለሄደም ለመጣም ያው ነው፤ ሰዓቱ ግን ይለያያል። ከደለስ የተነሳ አውሮፕላን የትም ሳያርፍ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ይገባል። ከቦሌ የሚነሳው መንገድ ላይ ነዳጅ ስለሚቀዳ 16 ወይም 17 ሰዓት ይፈጅበታል። ማረፉ ለገበያ ተብሎ ነው የሚሉ አሉ፤ ዋናው ምክንያት ግን ከፍታው ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ስለሚገኝ አየሩ ከባሕር ዳር አየር በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ጉልበት ይቀንሳል፤ ክንፉም አውሮፕላኑን ለማንሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። የጎማውም ፍጥነት ገደብ አለው። ስለዚህ 3,800 ሜትር በሚረዝመው መንደርደሪያ እንኳ ሙሉ ነዳጅ፣ ሙሉ መንገደኛና ሙሉ ጭነት ይዞ መነሳት አይቻልም፤ አንዱ መቀነስ አለበት፤ የሚቀነሰውም ነዳጁ ነው። ቦይንግ 787-8 በወረቀት ላይ ከ13,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበራል መባሉ ለቦሌ አይሠራም። ደለስ 95 ሜትር ላይ ነው፤ ከዚያ ሲነሱ ደግሞ ከምዕራብ የሚነፍሰው የሰማይ ነፋስ ከኋላ ይገፋል።

ለነዳጅ ሮም፣ ደብሊንና የቶጎዋ ሎሜ በተለያየ ጊዜ አገልግለዋል። በሮም ማለፍ መንገዱን 150፣ በደብሊን 270 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ያስረዝማል። በሎሜ ጭማሪው 1,200 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛ ማሳፈሩ ግን ያካክሰዋል።

አየር መንገዳችን ድሪምላይነር የሚባለውን ቦይንግ 787 ከጃፓን ውጭ በዓለም ቀድሞ የተረከበው በነሐሴ 2004 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት ቦይንግ 777-200ኤልአር ነበረ።

መንገደኛ በብዛት የሚሳሳተው በሰዓት ነው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፤ 22:30 ማለት ማታ 4፡30 ነው። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ለሚነሳ በረራ የበለጠ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። «ረቡዕ 00:30» የሚል ትኬት በእኛ አነጋገር ማክሰኞ ሌሊት 6፡30 ነው፤ ረቡዕ ማታ ሻንጣውን እየገፋ የሚመጣ ሰው በረራው ካለፈ አንድ ቀን ሊሞላው ነው። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ በበጋዋ 7፣ በክረምቷ 8 ሰዓት ወደኋላ ናት። ሰዓታቸው ከመጋቢት መጀመሪያ ገደማ እስከ ጥቅምት ማብቂያ ገደማ በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ፣ ተቀባይ ዘመድ የመድረሻውን ሰዓት በዚያው ከተማ አቆጣጠር ይያዝ።

በርበሬና ሽሮ በደንብ ታሽገው፣ ለጉምሩክ ተነግሮላቸው ያልፋሉ። ቋንጣ ግን የእንስሳት በሽታ ያስተላልፋል ተብሎ ስለሚከለከል ደለስ ላይ ይወረሳል።