ማሳ ምንድን ነው? መኪና ላይ ጂኒ የሚገባበት ቦታ

የቀኝ ፍሬቻ ታበራለህ። ፍሬቻው እንደ ሻማ ደብዘዝ ብሎ ይበራል። ከሱ ጋር ማንም ያልጠራው የሰሌዳ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል። ፍሬን ትረግጣለህ፤ አሁን ደግሞ የፓርኪንግ መብራቱ ይበራል። ትልቁን መብራት ስታበራ የሞተር ሙቀት መለኪያው ብድግ ይላል፣ ስታጠፋው ቁጭ። ድሬዳዋ ላይ እንዲህ ያለች መኪና ካለችህ ምርመራው አስፋልት ዳር ያልቃል፦ «ጂኒ ገብቶባታል አቦ!»

ጂኒ አልገባባትም። ማሳ አጥታ ነው።

የገብሱን ማሳ ማለቴ አይደለም። ይሄኛው ከጣሊያንኛ የመጣ የጋራዥ ቃል ነው፤ እንደ ፍሬቻ፣ እንደ ካንዴላ፣ እንደ ሞተሪኖ። ፈረንሳዮቹም «ማስ» ይሉታል፤ የባቡር ከተማ ልጅ ነኝና እሱን ሳልጠቅስ አላልፍም። ወጣቶቹ ግራውንድ ይላሉ። ኔጌቲቭ የሚልም አለ። ሁሉም የሚያወሩት ስለ አንድ ነገር ነው፦ ኤሌክትሪክ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪ ስለሚመለስበት መንገድ።

ኤሌክትሪክ ሄዶ የሚቀር ነገር አይደለም። ከባትሪው አንድ ጫፍ ይወጣል፣ አምፖሉን ያበራል፣ በሌላው ጫፍ ይገባል። መመለሻ ካጣ መውጣቱንም ይተወዋል። ቤት ውስጥ ለዚህ ሁለት ሽቦ እንዘረጋለን። መኪና ላይ ግን መሐንዲሶቹ ብልጥ ሆኑ። መኪናው ራሱ ከእግር እስከ ራሱ ብረት ነው፤ ለመመለሻው ሌላ ሽቦ ለምን እንገዛለን አሉ። የባትሪውን ኔጌቲቭ ከላሜራው፣ ማለትም ከመኪናው የገላ ብረት ጋር አሰሩት። ከዚያ በኋላ የኋላ መብራት ቢሆን ክላክስ ቢሆን፣ አንድ እግሩን ላሜራው ላይ ካሳረፈ መመለሻ አገኘ ማለት ነው።

ይህን በዓይን ማየት ለሚፈልግ ከድሬዳዋ የተሻለ ቦታ የለም። የአዲስ አበባ ጅቡቲን አዲሱን ባቡር ቀና ብለህ እየው። ከላዩ የሚነካው 25 ሺህ ቮልት የተሸከመ አንድ ሽቦ ነው። ሁለተኛው የታለ? መንኮራኩሩ የረገጠው ሐዲድ ነዋ! ኤሌክትሪኩ ከላይ ገብቶ፣ ሞተሩን አዙሮ፣ በሐዲዱ በኩል ይመለሳል። የመኪናህ ላሜራ ሐዲድ ነው ብለህ ያዘው።

ሐዲዱ ሲቆረጥስ? እዚህ ላይ ነው ጂኒው የሚወለደው። የኋላ መብራቱ ቤት ውስጥ ያሉት አምፖሎች አብዛኛውን ጊዜ መመለሻቸው አንድ የጋራ ሽቦ ነው። ያ ሽቦ ዝጎ ለቀቀ እንበል። የፍሬቻው ኤሌክትሪክ አምፖሉን አልፎ መውጫ ሲያጣ ወደ ጎረቤት ይዞራል። በፓርኪንጉ አምፖል ውስጥ በግልባጭ ይገባል፣ በፓርኪንጉ ሽቦ ይጓዛል፣ ሰሌዳ መብራቱ ጋ ደህና ማሳ አግኝቶ ይመለሳል። ሲያልፍ ያገኘውን ሁሉ ያበራል። ስለዚህ አንዱን ስታበራ ሌላው የሚበራ ከሆነ አምፖል አትግዛ። መመለሻውን ፈልግ።

ከዚህ የከፋም አለ። ሞተሩ የተቀመጠው በጎማ ላይ ነው፣ ንዝረቱ ወደ ሰው እንዳይደርስ። ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። ስለዚህ ከሞተሩ ወደ ሻንሲው (የመኪናው አጽም) ወይም ወደ ባትሪው የሚሄድ፣ እንደ ሹሩባ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ የመዳብ ገመድ ይታሰራል። አንዳንዱ መኪና ላይ ወፍራም ጥቁር ገመድ ነው። እሱ ሲበጠስ ሞተሪኖው፣ ቁልፍ ስታዞር ሞተሩን የሚቀሰቅሰው ትንሹ ሞተር፣ ለማስነሳት የሚፈልገው መቶ ምናምን አምፒር ሌላ መንገድ ያስሳል። የነዳጅ መስጫው ካቦ ወይም የፍሪሲዮኑ (የክላቹ) ካቦ ብረት ስለሆነ በዚያ ይሮጣል። ካቦው ይግላል፣ ሽፋኑ ይቀልጣል። ካቦ ቀይሮ ቀይሮ የተማረረ ሰው ካየህ ሹሩባውን አይቶት እንደሆነ ጠይቀው።

ትንሽ ሒሳብ ልጨምር። ሞተሪኖው 150 አምፒር ይስባል እንበል። የማሳው ማሰሪያ ላይ ያለው ዝገት ደግሞ 0.01 ኦም ብቻ ይሁን፣ ምንም የማይመስል ነገር። ሁለቱን ስታባዛቸው 1.5 ቮልት ነው። ጤነኛ ባትሪ ሳይሠራ 12.6 ቮልት አካባቢ ነው ያለው፤ ሞተሪኖው ሲስበው በራሱም ይወርዳል። ከዚያ ላይ 1.5 ቮልት ዝገት ሲበላው መኪናዋ «ኧኧኧ…» ብላ ታቃስታለች። ሰው ባትሪ ይገዛል። አዲሱ ባትሪ ለሁለት ሳምንት ደህና ያስመስላል። ከዚያ ያው። መብራትም እንዲሁ ነው፤ የፊት መብራት የሚደርሰው ቮልት በ10 በመቶ ሲቀንስ ብርሃኑ 30 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ማታ የደንገጎን ቁልቁለት ስትወርድ ያቺ 30 በመቶ ትታወቅሃለች።

ስፖርት መኪና ውስጥ ነገሩ ለምን ይብሳል? ድሬ ላይ ስፖርት መኪና የት አለ ብለህ እንዳትስቅ። ሐረር በታክሲነት ያሸበታቸው ፔጆ 404ዎች በወጣትነታቸው የምሥራቅ አፍሪካውን ሳፋሪ ራሊ አራት ጊዜ ያሸነፉ ናቸው፦ በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ለእኔ ይበቃል። ግን የእውነተኞቹ ችግር ከአሠራራቸው ይጀምራል። ሼቭሮሌት ኮርቬት ከ1953 ጀምሮ ገላው ፋይበር ግላስ ነው። የ1962ቱ ሎተስ ኤላንም እንደዚሁ፣ በውስጡ ያለው ብረት አከርካሪው ብቻ ነው። ፋይበር ግላስ ደግሞ እንደ ጎማው ነው፣ አያሳልፍም። ለእያንዳንዱ መብራት የራሱን የመመለሻ ሽቦ መዘርጋት ግድ ይሆናል። ሽቦ ሲበዛ የሚዝገው ጫፍም ይበዛል።

ሌላው ክብደት ነው። መኪናዋ ሚዛኗን እንድትጠብቅ ባትሪውን ከሞተሩ ያርቁታል። የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ባትሪዋ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ ነው። የድሮው ፖርሽ 911 ሞተሩ ከኋላ፣ ባትሪው ከፊት። የሞተሪኖው ኤሌክትሪክ መኪናውን ሙሉ በላሜራ አቋርጦ ነው ቤቱ የሚገባው። ከኋላ ማርሹን ከገላው ጋር የምታያይዘው ያች የሹሩባ ገመድ ከላላች ጀርመንኛው ሁሉ ዋጋ የለውም። በዚያ ላይ የቆመ መኪና የበለጠ ይዝጋል። ስፖርት መኪና ደግሞ ከሚነዳበት ቀን የሚቆምበት ይበዛል።

የድሮ የእንግሊዝ መኪና ከገጠመህ ግን ቆም በል። ከሃምሳ ዓመት በላይ ያለፋቸው ብዙዎቹ ላሜራው ላይ የሚያስሩት ፖዘቲቩን ነበር። ኤምጂቢ እስከ 1967 ድረስ እንደዚያ ነበረች። ባትሪውን እንደለመድከው ካሰርክ ዲናሞውን ወይም ሬዲዮውን ትሰናበታለህ። ለማንኛውም የሽቦውን ቀለም ማወቅ ይረዳል፦ በጀርመን መኪና የማሳ ሽቦ ቡኒ ነው፣ በድሮ እንግሊዝ ጥቁር፣ ቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው።

አሁን ወደ ፍለጋው። ብዙ ሰው ቴስተሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ድምፅ ላይ አድርጎ «ጢጥ» ካለ ማሳው ደህና ነው ይላል። ይሄ ሰውን ያሳስታል። ቴስተሩ የሚልከው ኤሌክትሪክ እዚህ ግባ የማይባል ነው። ከ50 የመዳብ ክር አንዷ ብትቀር እንኳ ይጮሃል። ድልድዩን ሕፃን ልጅ ተሻገረበት ማለት ሲኖትራክ ይሻገርበታል ማለት አይደለም። መለካት ያለብህ ጭነቱ በላዩ ላይ እያለ ነው።

ቴስተሩን ዲሲ ቮልት ላይ አድርግ። አንዱን ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ራሱ ላይ አሳርፍ። ማሰሪያው ላይ አላልኩም፣ ከባትሪው ብቅ ያለው የእርሳስ ብረት ጉጥ ላይ፤ ዝገቱ ብዙ ጊዜ በሁለቱ መሃል ነው የሚደበቀው። ሌላውን ጫፍ ቀለም የሌለው የሞተሩ ብረት ላይ። ከዚያ ሰው ቁልፍ ያዙርልህ። ሞተሪኖው ሲዞር ቴስተሩ ከ0.2 ቮልት ብዙ ካለፈ ሌባውን አግኝተሃል። ለመብራትና ለሌላ ትንንሽ ነገር 0.1 ቮልትም ይበቃል። ጫፉን ከሞተር ወደ ገመዱ፣ ከገመዱ ወደ ብሎኑ እያዘዋወርክ ስትሄድ ቁጥሩ ድንገት የሚዘልበት ቦታ አለ። እዚያ ነው።

ቴስተር የለህም? ባትሪ የምንዋዋስበትን ገመድ አምጣ። አንዱን ጥቁር ጫፍ ኔጌቲቩ ላይ፣ ሌላውን ንጹሕ የሞተር ብረት ላይ ንከስ። መኪናዋ ወዲያው ከተነሳች ባትሪውም ሞተሪኖውም ከደሙ ንጹሕ ናቸው፤ ጥፋቱ የማሳው ነው።

ጥገናው ከምርመራው ይቀላል። መጀመሪያ የባትሪውን ኔጌቲቭ ፍታ፣ ስትጨርስም መጨረሻ ላይ እሰረው። ምክንያት አለው፦ ኔጌቲቩ እንደታሰረ ፖዘቲቩን ስትፈታ ቁልፉ ላሜራ ከነካ ብልጭታው ዓይን ያጠፋል። ከዚያ የማሳውን ብሎን ፈትተህ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ ፈግፍገው፤ የገመዱን ቀለበትም፣ ያረፈበትን ላሜራም። ሁለቱንም። አንዱን ብቻ ያጸዳ ሰው ግማሽ ሥራ ነው የሠራው። ጥርስ ያላት ሮንዴላ (ከብሎኑ ሥር የምትገባ ቀለበት) ካለች ጥሩ ነው፣ ብረቱን ነክሳ ትይዛለች። አጥብቀህ እሰር። ካሰርክ በኋላ ከላይ ግሪስ ወይም ቫዝሊን ቀባው፣ አየርና ውሃ እንዳይገባ። የባትሪው ራስ ላይ ለሚወጣው ነጭ ዱቄት ሙቅ ውሃና ቤኪንግ ሶዳ ይበቃዋል። ለስላሳ የሚያፈሱበትም አሉ። ያጸዳል፣ ግን ስኳሩ ይቀርና አቧራ ይለቅማል። አቧራ ደግሞ ድሬ ላይ ሞልቷል።

አዳዲሶቹ መኪናዎች ላይ ማሳ ሲበላሽ መብራት አይደለም የሚያሳይህ፣ የብልሽት ኮድ ነው። የሞተሩ ኮምፒውተር ብዙዎቹን ሴንሰሮች የሚያነበው ከ0 እስከ 5 ቮልት ባለ ሚዛን ነው። ማሳው ላይ 0.3 ቮልት ካደረ ያነበበው ሁሉ ይዛባል። እሱ ግን ማሳውን አይከስም፣ ሴንሰሩን ነው የሚከሰው። ሴንሰሩ ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ከዱባይ ይመጣል፣ ኮዱ ግን እዚያው ነው።

እዚሁ ድሬ፣ ከዚራ በሚባለው ሰፈር፣ ግቢው ዛፍ ሥር አንድ ባለ ሁለት በር የድሮ ስፖርት መኪና የሚያሳድግ ወዳጅ አለኝ። «የሚያሳድግ» ያልኩት አውቄ ነው፤ ከልጆቹ በላይ ወጪ አላት። ባለፈው ሙሉ ቀለም አስቀባት። እንደ መስታወት ሆና ወጣች። በሳምንቱ ፍሬቻዋ፣ ክላክሷ፣ ዳሽቦርዷ አንድ ላይ አበዱ። «ቀለም ቀቢው ሽቦ በጥሷል» ብሎ ሊጣላ ሲነሳ ያዝኩት። ሽቦ አልተበጠሰም። ቀቢው ጥንቁቅ ሰው ስለሆነ አንድም ቦታ አልዘለለም። የማሳ ብሎኖቹ የሚያርፉባቸውን ቦታዎች ሳይቀር አሳምሮ ቀብቶ፣ ገመዶቹን በቀለሙ ላይ መልሶ አስሯቸዋል። ቀለም ደግሞ እንደ ጎማው ነው።

ሰባት ቦታ ፈትተን ከብሎኑ ሥር ያለውን ቀለም ብቻ ፈገፈግን። ወዳጄ እያንዳንዱን ስፈገፍግ ፊቱን ያዞር ነበር። ወደ ማታ ፍሬቻው ለብቻው በራ፣ ሰሌዳው ጸጥ አለ። ከዚያ በፊት የገዛው የኋላ መብራት እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። ስንት እንደገዛው ጠይቄው አልነግርህም ብሎኛል።