«እንጀራ ተው፣ ሎሚ ጠጣ»፦ ድሬዳዋ ላይ ስለ ክብደት መቀነስ የሚወራውና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ «ክብደት ልቀንስ ነው» ብሎ ያወራ ሰው ምክር አያጣም። ባጃጅ ውስጥ ወሬው ከተነሳ ሾፌሩ ሎሚ በሙቅ ውሃ ያዛል። ጸጉር ቤት ከተነሳ ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ሻይ ይጠቁማል። ቤት ሲገባ ደግሞ እናት «አቦ ተወን! ምን ጎደለህና ነው የምትከሳው?» ትላለች። ሁሉም በቅንነት ነው የሚናገረው፤ ግን አብዛኛው ምክር ለሁለት ሳምንት እንጂ ለሁለት ዓመት አይሆንም። እኔ አንድን አመጋገብ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ሰውየውን ከቤተሰቡ ትሪ ሳያስነሳ፣ በጾሙም በፍስኩም፣ በበዓሉም በአዘቦቱም ሊዘልቅ ይችላል ወይ? ይህን ካላለፈ ሌላው ዝርዝር ብዙም አያጓጓኝም።

«የሚያወፍረው እንጀራ ነው፤ በሩዝና በፓስታ መተካት ነው»

ባቡሩ ከጅቡቲ ተነስቶ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ከደረሰ ወዲህ ሩዝና ፓስታ ለድሬዳዋ ሰው እንግዳ ምግብ አይደሉም። ስለዚህ እንጀራን መተው እዚህ ከሌላው ከተማ ይልቅ ይቀላል። ጥቅሙ ግን የት አለ? 100 ግራም የጤፍ ዱቄት፣ 100 ግራም ጥሬ ሩዝና 100 ግራም ጥሬ ፓስታ ሦስቱም የሚሰጡት ጉልበት ከ350 እስከ 370 ኪሎ ካሎሪ ነው። ልዩነት ከተፈለገ ጤፍ በፋይበርና በብረት ከነጭ ሩዝ ይበልጣል። እንጀራውን አስወጥቶ ዘይት የጠጣ ፓስታ በሰፊ ሳህን ያስገባ ሰው ያተረፈው ነገር የለም።

«እሺ፣ እንግዲያው ስታርች የሚባለውን፣ እንጀራውንም ሩዙንም ፓስታውንም፣ በሙሉ ልተወው» የሚልም አለ። የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት 609 ሰዎችን ለሁለት ከፍለው፣ አንዱ ቡድን ቅባት፣ ሌላው ስታርችና ስኳር እንዲቀንስ አድርገው ዓመት ሙሉ ተከታተሏቸው። ቅባት የቀነሱት በአማካይ 5.3 ኪሎ፣ ስታርች የቀነሱት 6 ኪሎ ወረዱ፤ ልዩነቱ ቁም ነገር የሚባል ሆኖ አልተገኘም። በሁለቱም ቡድን ውስጥ ብዙ የቀነሰም፣ ጭራሽ የጨመረም ሰው ነበረ። ሰውን ከሰው የለየው የምግቡ ስም አልነበረም ማለት ነው።

የእንጀራ ችግር ሌላ ቦታ ነው፤ ድርሻችን አይታይም። አራት ሰው የከበበው ትሪ ላይ ማን ምን ያህል በላ? «አንድ እንጀራ ነው የበላሁት» የሚል ሰው ሥር የተነጠፈውን አይቆጥርም፤ ከመሶቡ እየተጠቀለለ የመጣውን ደግሞ ግማሹን ነው የሚያስታውሰው። መጨረሻ ላይ ትሪው መሃል የሚቀረው፣ ወጡን የጠጣው እንጀራ አለ። ጣፋጩ እሱ ነው፤ ዘይቱም ተጣርቶ የሚወርደው እዚያ ነው። የሚሠራው ዘዴ ቀላል ነው፦ ከመጀመር በፊት የራስን ድርሻ ጠቅልሎ በበኩል ማስቀመጥ፣ እሱ ሲያልቅ ከመሶቡ አለመጨመር፣ በየጉርሻው እንጀራውን አሳንሶ ምስሩን፣ ጎመኑን፣ ሥጋ ካለም ሥጋውን ማብዛት። ከሰው ሳይለዩ፣ ማንም ልብ ሳይል ይደረጋል።

«ጾም ራሱ ያከሳል»

ያከሳ ነበር፣ ድስቱ ውስጥ የሚገባው ባይኖር። ሥጋና ወተት ሲወጡ በቦታቸው የሚገባው አብዛኛውን ጊዜ ዘይት ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት ወደ 120 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል፤ አንድ ሊትሩ ከ8,000 ያልፋል። አራት ሰው ያለበት ቤት የ5 ሊትሩን ጀሪካን በወር ከጨረሰ ሂሳቡ ለእያንዳንዱ ሰው በቀን 340 ኪሎ ካሎሪ ገደማ ይደርሳል፤ ከዘይት ብቻ። የሚረጋውም የሚፈሰውም፣ ርካሹም ውዱም በካሎሪ አንድ ነው። «ይሄ ኮሌስትሮል የለውም» የሚለው የጀሪካኑ ላይ ጽሑፍ ስለ ክብደት የሚናገረው ነገር የለም።

መፍትሔው ወጡን መተው አይደለም። ባለሙያ ሴቶች ድሮም የሚያውቁት ነው፦ ሽንኩርቱን መጀመሪያ በደረቁ፣ ሲይዝ ጠብ ጠብ እያደረጉ በውሃ ማቁላላት፣ በርበሬውን ማብሰል፣ ዘይቱን ከዚያ በኋላ በማንኪያ እየለኩ መጨመር። ከጀሪካኑ አፍ በቀጥታ የሚንቆረቆር ዘይት ስንት እንደሆነ ያፈሰሰውም ሰው አያውቀውም። በዚህ ላይ ሽሮ፣ ምስርና ክክ ፕሮቲን አላቸው፤ 100 ግራም ጥሬ ምስር ወደ 24 ግራም ፕሮቲን ይይዛል። ፕሮቲንና ፋይበር ደግሞ ጥጋቡን ያቆዩታል። ለእኔ የጾም ወጥ፣ ዘይቱ ከተለካ፣ ክብደት ለመቀነስ ከሚሸጡት ዱቄቶች ሁሉ ይሻላል።

የረመዳኑም ነገር ተመሳሳይ ነው። ቀኑን ሙሉ የተጾመው በአፍጥር ሰዓት በሳምቡሳ፣ በባጊያና በጣፋጭ መጠጥ ይካሳል። ጥናቶች በረመዳን ወር ትንሽ ክብደት እንደሚወርድና በኋላ ባሉት ሳምንታት አብዛኛው እንደሚመለስ ያሳያሉ። በተምርና በሹርባ ጀምሮ፣ ትንሽ አረፍ ብሎ ወደ ዋናው ምግብ መግባት የሳምቡሳውን ቁጥር በራሱ ይቀንሰዋል።

አንድ ነገር ግን በዋዛ አይታለፍ። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም እንደ ግሊቤንክላሚድ ያለ የስኳር ክኒን የሚወስድ ሰው ምግብ ሲቀንስም ሆነ ሲጾም መድኃኒቱ መስተካከል ይኖርበት ይሆናል። ስኳሩ ከልክ በታች ወርዶ ሊጥለው ይችላል። ይህ ሐኪሙን ሳያማክሩ የሚጀመር አይደለም።

«ጫት ምግብ ይዘጋል፣ ስለዚህ ያከሳል»

የመጀመሪያው ግማሽ እውነት ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ከአምፌታሚን ጋር የሚቀራረብ አነቃቂ ነው፤ ለሰዓታት የምግብ ፍላጎትን ያጠፋል፣ ጨጓራ ምግብን የሚያስወጣበትንም ፍጥነት ያዘገያል። ሁለተኛው ግማሽ ግን የበርጫውን ምንጣፍ ዙሪያ ካለማየት የመጣ ነው። ጎኑ ምን አለ? ለስላሳ፣ ስኳሩ የበዛ ሻይ፣ ለውዝ። አንድ የ300 ሚሊ ሊትር ኮላ ወደ 32 ግራም ስኳር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጨመር ስኳር ከዕለቱ ጉልበት ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ከ5 በመቶ እንዳያልፍ ይመክራል፤ 5 በመቶው ለአዋቂ በቀን 25 ግራም አካባቢ ነው። አንዷ ጠርሙስ አልፋዋለች፣ ገና ከሰዓት በኋላ። ለውዙ መልካም ምግብ ነው፤ ነገር ግን 100 ግራሙ ከ550 ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው፣ እጅ ደግሞ በወሬ መሃል አይቆጥርም።

ከዚያ ማታው ይመጣል። ምርቃናው ሲበርድ የተዘጋው ረሃብ ከነወለዱ ይመለሳል፤ ጨብሲ የሚወድ ደግሞ ቢራ ይጨምርበታል፣ አንዱ ጠርሙስ ወደ 140 ኪሎ ካሎሪ። እንቅልፍ ይጠፋል። እንቅልፍ ያጣ ሰው በማግስቱ ይበልጥ እንደሚርበውና ጣፋጭና ቅባት እንደሚያምረው በደንብ የታወቀ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ቃሚ የሚከሳው ምግብ ስለሚያጣ ነው፤ ጡንቻውም አብሮ ይሄዳል። ሌላው ደግሞ እየቃመ ይወፍራል። ሁለቱንም ሰፈራችን ውስጥ እናውቃቸዋለን። መቃሙን ማቆም ለማይችል፣ ወይም ለማይፈልግ፣ ቢያንስ ለስላሳውን በውሃ መተካትና ከበርጫው በፊት ደህና ምሳ መብላት የማታውን ዘመቻ ያለዝበዋል። ለደም ግፊቱና ለእንቅልፉ ግን ዘዴ አይሆንም።

«ላብ ስብ ነው»

አይደለም፤ ላብ ውሃና ጨው ነው። በግንቦት ፀሐይ ላስቲክ ለብሶ የሮጠ ሰው ሚዛን ላይ ግማሽ ኪሎ ቢጎድልበት፣ ግማሽ ሊትር ውሃ ሲጠጣ ይመለስለታል። በዚህ ሙቀት ላስቲክ መልበስ ራስን የሚያስት አደጋ ነው። መንቀሳቀስ ለሚፈልግ የከዚራ ሰፈር ዛፎች ጥላ አለ፤ ጠዋት 12 ሰዓት ወይም ፀሐይ ስትበርድ። አንድ ሰዓት እርምጃ 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ወደ 250 ኪሎ ካሎሪ ያወጣል፤ ሁለት ለስላሳ ቢጠጣ ተመልሶ ይገባል። እርምጃ ለልብ፣ ለስኳርና ለስሜት ግሩም ነው፤ የቀነሱትን ክብደት ላለማስመለስም ይረዳል። ትሪውን ሳይነኩ በእርምጃ ብቻ መክሳት ግን ከባድ ነው።

«ሎሚ በሙቅ ውሃ ስብ ያቀልጣል»

አያቀልጥም። ሎሚ ስኳር የሞላበት ሻይን ከተካ ይጠቅማል፣ ጥቅሙ ያው ነው። ተልባ፣ ሺፈራው፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ኮምጣጤ እንደዚሁ። «የማክሻ ሻይ» እየተባለ የሚሸጠው ግን ይለያል፤ ብዙ ጊዜ ሰና የሚባለው የሚያስቀምጥ ቅጠል አለበት። ሆድ ሲያልቅ ሚዛኑ ይወርዳል፤ የወጣው ውሃ ነው። ሲደጋገም የሰውነትን ጨዎች ያዛባል። ይህን ሻይ ለእህት መምከር ደግነት አይመስለኝም።

«ጁስ ፍራፍሬ ነው፣ አያወፍርም»

ቀፊራ ገበያ ገብቶ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ዘይቱና (ጓቫ) ገዝቶ አጥቦ የበላ ሰው ይጥገብበት፤ ድሬዳዋ በዚህ ታድላለች። ጁስ ቤት ያለው ሌላ ነገር ነው። በረጅሙ ብርጭቆ ውስጥ ሁለት ሦስት ፍሬ ይገባል፣ ስኳር ይጨመራል፣ ላዩ ላይ ቪምቶ ይንጠባጠባል፤ አምስት ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ ተጠጥቶ ያልቃል፣ ከዚያም ምሳ ይበላል። ሦስት ማንጎ ቁጭ ብሎ የበላ ሰው ግን ምሳው ይቆይልኝ ይላል።

«ማታ የተበላ ሁሉ ወደ ስብ ይለወጣል»

ሰዓቱ ብቻውን ይህን አያደርግም። በ2022 እ.ኤ.አ. የታተመ የቻይና ጥናት 139 ከመጠን በላይ የወፈሩ ሰዎችን ለሁለት ከፍሎ፣ ሁለቱም ቡድን እኩል ካሎሪ እንዲቀንስ፣ አንዱ ግን በቀን ውስጥ በስምንት ሰዓት ብቻ እንዲበላ አደረገ። ከዓመት በኋላ በሰዓት የበሉት 8 ኪሎ፣ ሌሎቹ 6.3 ኪሎ ቀነሱ፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል ነው ተባለ። ቀኑን ሙቀቱ ምግብ ያስጠላና ምግብ የሚያምረን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው፤ ድሬዳዋም ያኔ ነው የምትነቃው። «ከ12 ሰዓት በኋላ አልበላም» ያለ ሰው ከከተማው ጋር ጠብ ገጥሟል። ራት ይብላ፤ ከራት በኋላ መንገድ ዳር የሚጠበሰውን ይዝለለው።

«ክብደት የሚቀንስ ሰው የራሱ ድስት ያስፈልገዋል»

ብዙ ሰው የሚሸነፈው እዚህ ነው። የተቀቀለ እንቁላልና ዱባ ለብቻው ይዞ ጥግ የተቀመጠ ሰው ሦስተኛው ሳምንት ላይ ይሰለቸዋል፤ ወይም ሰርግ ይመጣል፣ ወይም ባለቤቱ ሁለት ድስት መጣድ ይታክታታል። ቤተሰቡ የማይበላው ምግብ ቤት ውስጥ ዕድሜ የለውም። ዘይቱ የሚለካበት ወጥ ለልጁም ለአያቱም ይሆናል። ጉርሻን በተመለከተ፣ እምቢ ማለት ያስቀይማል፤ ተቀብሎ ያንኑ ያህል ከራስ ጥቅል መተው ግን ማንንም አያስቀይምም። ሻዩን ከሦስት ማንኪያ ስኳር ወደ ሁለት፣ ከወር በኋላ ወደ አንድ ማውረድም እንዲሁ ነው። ሄሉና ቅርንፉዱ ስላለ ምላስ ቶሎ ይለምደዋል።

«የከሳ ሰው ታሟል»

«ምነው ከሳህ? ምን ነካህ?» የሚለው ጥያቄ ከፍቅር ነው የሚመጣው፤ ሙሉ በሙሉም ስህተት አይደለም። ሳይሞክር የከሳ ሰው፣ በተለይ ሳል፣ የማታ ላብ፣ የውሃ ጥም ወይም ቶሎ ቶሎ መሽናት ካለበት፣ ለሳንባ ነቀርሳና ለስኳር ይመርመር። አስቦበት በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ የሚቀንስ ሰው ግን ለወዳጁ በግልጽ ይንገር፤ ዝም ሲል ነው ሐሜቱ የሚነሳው፣ በየቤቱም እየተገደደ የሚበላው።

«ሚዛኑ ቆመ፤ አመጋገቡ መሥራት አቁሟል»

በመጀመሪያው ሳምንት የወረደው ፈጣን ክብደት ባብዛኛው ውሃ ነበር፤ ግላይኮጅን የሚባለው ሰውነት ያከማቸው ስኳር እያንዳንዱ ግራም ሦስት ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይወጣል። ከዚያ በኋላ መዝገሙ የሚጠበቅ ነው። ከ85 ኪሎ ወደ 78 የወረደ ሰው አሁን የሚመግበው ትንሽ ሰውነት ነው፣ ስለዚህ የሚያስፈልገውም ያንሳል። ማንኪያውም በዚህ መሃል ሳይታወቅ ይሰፋል፤ በመጀመሪያው ወር የተለካው ዘይት በአምስተኛው ወር እንደገና ከጀሪካኑ መንቆርቆር ይጀምራል። መጀመሪያ እሱን ማየት ነው። ቀጥሎ ወገብን በሜትር መለካት፤ ሚዛኑ ቆሞ ቀበቶው የሚላላበት ጊዜ አለ። በተረፈ ከ85 ኪሎ ላይ አራት ኪሎ ተኩል እንኳ የቀነሰ ሰው ደም ግፊቱና ስኳሩ ሊሻሻል የሚችልበት ደረጃ ደርሷል፤ እዚያው ላይ ሦስት ወር ቆይቶ መቀጠል ይችላል። ሚዛን ላይ በሳምንት አንዴ፣ በአንድ የተወሰነ ቀን፣ ጠዋት ከቁርስ በፊት መውጣት ይበቃል።