ከሰማይ ስለወደቀው ድንጋይ የምንሳሳታቸው ነገሮች

«ተወርዋሪ ኮከብ ነው።» ያሳሳተን ስሙ ነው። ኮከብ ቢሆንማ ምድርም ባልተረፈች ነበር። ሌሊት ሰማዩን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ብርሃን የሚፈጥረው ብዙውን ጊዜ ከአሸዋ ቅንጣት ብዙም የማይበልጥ ነገር ነው። እዚያው አየር ላይ ያልቃል። ተርፎ መሬት የደረሰው ድንጋይ ነው ሜቲዮራይት የሚባለው።

«ሜቲዮራይት ብረት ነው።» እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። ሳይንቲስቶች በሦስት ይከፍሏቸዋል፤ ድንጋያማ፣ ብረታማና የሁለቱ ቅልቅል። ሲወድቁ ታይተው ከተለቀሙት ከ100 ከ90 በላይ የሚሆኑት ድንጋያማ ናቸው። ታዲያ ብረቱ ለምን ስሙ ገነነ? ከባድ ነው፣ ዓይን ይስባል፣ ብዙ ዘመንም ይቆያል። በፈረንጆቹ 1920 ናሚቢያ ውስጥ የተገኘው ሆባ 60 ቶን ገደማ ስለሆነ እስካሁን ከቦታው ያነሳው የለም። ድንጋያማው ግን ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅበት ከሜዳ ድንጋይ ጋር ይመሳሰላል።

ከድንጋያማዎቹ አብዛኞቹ ኮንድራይት ይባላሉ። ሲሰበሩ ውስጣቸው የጤፍ ፍሬ የሚያካክሉ ድቡልቡል ጠብታዎች ይታያሉ። ጠብታዎቹ ቀልጠው የረጉት ምድር ተሠርታ ሳታልቅ፣ ከ4.5 ቢሊዮን ዓመት በፊት ነው። ብረታማዎቹ ደግሞ በአብዛኛው ቀልጠው ብረታቸው ወደ መሐል የሰመጠ፣ ኋላም የተሰባበሩ አስትሮይዶች (ፀሐይን የሚዞሩ የጠፈር ዓለቶች) አስኳል ናቸው። እኔን ከጠየቃችሁኝ ከብረቱ ይልቅ ያ ተራ የሚመስለው ድንጋይ ይበልጥብኛል።

«ሲወድቅ እንደ ፍም ይግላል።» የሚቀልጠው ላዩ ብቻ ነው፤ እሱም ለጥቂት ሰከንድ። ሙቀቱ ወደ ውስጥ ሳይዘልቅ ድንጋዩ ፍጥነቱን ያጣና በቀዝቃዛ አየር ውስጥ ይወርዳል። የሚቀርለት ስስ ጥቁር ቅርፊት ነው።

«ቀዳዳ የበዛበት ጥቁር ድንጋይ አገኘሁ!» ቦታው አፋር ወይም ስምጥ ሸለቆ ከሆነ አይዞህ፣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ቀዳዳው ጋዝ የወጣበት ነው፤ ሜቲዮራይት ላይ እንዲህ ያለ ነገር እምብዛም አይታይም። ማግኔት ሳበው ብለህም አትፍረድ። የእኛንም ጥቁር ድንጋይ ይስባል። እውነተኛ ሜቲዮራይት ከሆነ ደግሞ ጠንካራ ማግኔት ድንጋዩ ውስጥ የቆየውን ጥንታዊ የማግኔት አሻራ ያጠፋዋል።

«ሰው መትቶ አያውቅም።» በፈረንጆቹ 1954 አሜሪካ፣ አላባማ ውስጥ፣ ሶፋ ላይ የተኛች ሴት 4 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ድንጋይ ጣሪያዋን ቀዶ፣ ሬዲዮኗ ላይ ነጥሮ መታት። በልዛ ተረፈች። ድንጋዩም ኮንድራይት ነበር።